ክዳናቸው የተቀያየረ ሁለት ሳጥኖች

በ2013 አሜሪካ አገር አውሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት አጠገብ ባለ ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ተስፋይ አንድ ስኖውሞቢል፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ፣ አሳዩኝና "ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አዲስ አበባ አሥር ዓመት መኪና ጠግኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

"አላውቀውም" አልኳቸው።

"ጥሩ። አውቃለሁ ያሉኝን ሁለቱን አሰናብቻለሁ።"

ጋሽ ተስፋይ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስኖውሞቢል የሚሄደው ከሥሩ በሚሽከረከር፣ ትራክ በሚባል ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው። ግግር በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ትራኩን በትራፓኖ እንበሳለን፤ ስተድ የሚባለውን ሹል ብሎን ከውስጥ አስገብተን ከውጭ በሮንዴላና በዳዶ እናስረዋለን። ስተዱ ካጠረ አይነክስም። ከረዘመ ከላይ ያለውን ራዲያተር ይበሳል። አጭሩና ረጅሙ ስተድ ልኩ ክዳኑ ላይ በተጻፈ በየራሱ ሳጥን ይቀመጣል።

በሦስተኛው ዊንተር ለአቶ ግርማ ስኖውሞቢል፣ ክዳኑ አጭር ከሚለው ሳጥን ዘጠና ስድስት ስተድ ገጠምኩ። ሌክውድ ነው የሚኖሩት፤ ተራራ ላይ ከሐይቅ ማዶ ያሉ የእንጨት ቤቶችን ይጠብቃሉ፤ በዊንተር ወደዚያ የሚደርሱት በረዶ የሆነውን ሐይቅ በስኖውሞቢል ተሻግረው ነው። ዓርብ ከሰዓት መጥተው ወሰዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ለሌላ ደንበኛ ልሠራ ክዳኑ ረጅም ከሚለው ከሌላው ሳጥን አንድ ስተድ አንስቼ በካሊፐር ለካሁ። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ደግሜ ለካሁ። አጭር የሚለውንም ሳጥን ከፍቼ ለካሁ። የሁለቱ ሳጥኖች ክዳን ተቀያይሯል፤ ለአቶ ግርማ የገጠምኩት ረጅሙን ነው።

ደወልኩ፤ አያነሱም። ራዲያተሩ ከተበሳ ማቀዝቀዣው ፈስሶ ሞተሩ ሐይቁ መሐል ቀጥ ይላል። እዚያ ስልክ አይሠራም።

ለጋሽ ተስፋይ ነገርኳቸው። ክዳኑን ማን እንደቀያየረው አልጠየቁም።

"ስንት ሰዓት ይነሳሉ?"

"አራት ሰዓት ብለውኛል።"

ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። አጭሩን ሳጥንና መፍቻዎቹን ያዝኩ፤ እሳቸው ጋራዡን ዘጉ። ሃይዌዩ ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተጨናንቋል። ጋሽ ተስፋይ መሪውን በጣታቸው ይመታሉ።

ስንደርስ አቶ ግርማ ስኖውሞቢሉን ትሬለር ላይ ጭነው በመኪና እየጎተቱ ከግቢ ሲወጡ አገኘናቸው። ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ፓርክ አደረግን።

"ምን ሆናችኋል? መንገድ ልቀቁ እንጂ!"

"አቶ ግርማ፣ እንዳይሄዱበት። ረጅም ስተድ ነው የገጠምኩልዎት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ትሬለሩ ላይ ነድቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምንም አልሆነም።"

ባትሪ አብርቼ ከሥር አሳየኋቸው። ራዲያተሩ ላይ አዳዲስ ጭረቶች ያብረቀርቃሉ፤ አንዱ ጥፍር ያስገባል። ያ ሁሉ በዚያች አጭር መንገድ የመጣ ነው።

ባለቤታቸው ወርደው አዩ። "ግርማ፣ በዚህ ልታሻግረኝ ነበር?"

አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞረው "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አሉ።

ዘጠና ስድስቱንም እዚያው በራቸው ላይ ፈታን። አጭሩን አንድ በአንድ እየለካሁ አስገባሁ፤ ጋሽ ተስፋይ ዳዶውን አጠበቁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ስንጨርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። አቶ ግርማ እጄን አልጨበጡኝም፤ ወደ ጋራዡም አልተመለሱም። አልፈረድኩባቸውም።

ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህን ነው፦ ክዳኑን አትመን፣ ስተዱን ለካ። ሥራው ከእጅህ ከወጣ በኋላ ስህተት ካገኘህ ደውል። ካላነሱ ሂድ።