በሰሙነ ሕማማት የተበላሹ ሬዲዮዎች

ገዱ አለነ በደባርቅ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሬዲዮ ሲጠግን ጸጉሩ ሸበተ። ሙያውን ያገኘው ጎንደር ላይ ነው፤ ለአንድ ሬዲዮ ሠሪ ዕቃ እየተሸከመ፣ ጌታው ሲበይድ በዓይኑ እየሰረቀ ተማረ። ሚስቱ ስመኝ በወሊድ ስትሞትበት የቀረለት ምሥጋናው ብቻ ነበር። ልጁን በጀርባው አዝሎ ይበይድ ነበርና ሰፈርተኛው «ወንዱ ሞግዚት» እያለ ይቀልድበታል። ምሥጋናው አድጎ ባሕር ዳር ምህንድስና ሲገባ ቀልዱ ቆመ።

ልጁ ለዕረፍት በመጣ ቁጥር አባቱን ያስተምራል። ገዱ የሚያውቀው ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድና ትራንዚስተር ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በእነሱ ነው።

«አባዬ፣ እርስዎ ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊት ግን አልደገሙም» አለው አንድ ክረምት እየሳቀ።

«እንግዲያ አንተ በፊደል ያደግህ ልጅ፣ ዳዊቱን አምጣዋ!»

መጀመሪያ ዜነርን አሳየው። መልኳ እንደማንኛዋም ዳዮድ ነው፤ ነገር ግን የመብራቱ ጉልበት ከልክ ሲያልፍ ትርፉን በራሷ ላይ አሳልፋ ሌላውን ታድናለች። ቀጥሎ ባለ ሦስት እግሩን ሬጉሌተር አመጣ፤ እሱ የሚዋዥቅ ጉልበት ተቀብሎ የረጋ ያወጣል። ከዚያ ሪሌይን፤ በትንሽ ጉልበት ትልቁን በር የሚከፍተውን። አባትና ልጅ የደባርቅ መብራት ሲዋዥቅ የሰው ዕቃ እንዳይቃጠል የሚጠብቅ ሣጥን መሥራት ጀመሩ። አንድ ዕቃ ብቻ ጎደላቸው፤ ኦፕቶካፕለር የሚባለው።

«ሁለት ወገን ነው፤ በመካከሉ ሽቦ የለም» ብሎት ነበር ምሥጋናው በስልክ። «በአንዱ ወገን ትንሽ መብራት ይበራል፤ በሌላው ወገን ዓይን አለ፣ ያያል። ሳይነካኩ ይነጋገራሉ። ለፋሲካ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ገዱ በሣጥኑ ውስጥ የዚያን ዕቃ ቦታ ክፍት አድርጎ ጠበቀ።

በ1996 ዓ.ም. የሆሣዕና ዕለት አስቀድሶ ፍትሐቱን ቆሞ ሰማ። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት አይደረግምና፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ በሆሣዕና አስቀድሞ ይፈታለታል። ገዱም «ምስኪን፣ ባለተራው ማን ይሆን?» ብሎ አሰበና ወደ ቤቱ ገብቶ የልጁን መኝታ አነጠፈ።

ምሥጋናው የሚመጣው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ገዱ ነጠላውን ለብሶ ወደ መናኸሪያው ሊወጣ ሲል፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው የሺዋስ ሬዲዮ ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«የት ልትሄድ? ቁጭ በልና ይችን እይልኝ።»

«በሕማማት ሬዲዮ? አንተ ከሓዲ፣ ዘፈን አማረህ?»

«ኧረ ለዜና ነው» አለ የሺዋስ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ስድብ ሁለት ይመልስ ነበር።

ገዱ ከፈተው። የባትሪ ድንጋዮቹ ተገልብጠው ገብተዋል። አስተካክሎ ሲያስገባቸው ሬዲዮው ተናገረ። «ይህን ያህል ዘመን ሬዲዮ ይዘህ ድንጋይ ማስገባት አቃተህ?» ብሎ ሊስቅበት ቀና ቢል፣ የሺዋስ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል።

የሺዋስ ሳይወጣ ባለ ሱቋ ስጦታ ቴፕ ይዛ ገባች። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ተቆርጧል። አይጥ የበላው ሽቦ ይላላጣል፤ ያረጀም ይሰነጠቃል፤ የዚህኛው ጫፍ ግን በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ የጠራ ነው። ገዱ የሺዋስን አየው። የሺዋስ አላየውም።

«ልጄ ይደርሳል፤ ሄጄ ልቀበለው» ብሎ ገዱ ተነሣ።

«አውቶቡሱ ዛሬ ይዘገያል አሉ፣ ጋሼ ገዱ» አለች ስጦታ ፈጥና። «አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ የኔን ይሥሩልኝ።»

ቀትር ላይ፣ ምእመኑ ሁሉ በስግደት ላይ ባለበት ሰዓት፣ የንስሓ አባቱ መምሬ ገብረ ሚካኤል በነጠላ የሸፈኑትን ሬዲዮ ይዘው መጡ።

«አባቴ፣ እርስዎም?»

«ለፋሲካ... ለፋሲካ ይድረስልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ገዱ በካቻቢቴ ፈታው። እያንዳንዱን ዕቃ አየ፤ ምንም አልሆነም። ቄስ በሕማማት ስግደት አቋርጦ ደህና ሬዲዮ ለማሠራት አይመጣም። እጁ ባለበት ቀረ። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው እንጂ በቀትር በአንድ አፍ አይወረወርም። ወንድሙ ምስክር ያለው መካነ ብርሃን ነው፤ እሱ እስኪደርስ መርዶው ያድራል። እስከዚያ ገዱ መናኸሪያ ወርዶ ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰማ፣ ሰዎቹ ደህና ዕቃቸውን እያበላሹ ሊያቆዩት ነው። ማንም ምንም አልነገረውም፤ ግን ደረሰው።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። የስጦታ ዓይን አብጦ አየ። ካልጠየቀ ልጁ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆይለታል። አፉን ዘጋ።

«ይህ ብዙ ሥራ አለው፣ አባቴ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ይይዘኛል።»

ከዚያ ደህናውን ሬዲዮ ዕቃ በዕቃ ነቀለው፤ መልሶም አንድ በአንድ በየደው። የሺዋስ ከአጠገቡ አልተነሣም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መርዶ ነጋሪዎቹ መጡ። ምስክር የመንገድ አቧራውን እንደለበሰ ከመካከላቸው ቆሟል። በሩን የሚያንኳኳ አላስፈለገም። ገዱ በሩን ከፍቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ሬዲዮዎቹን ከፊቱ ደርድሮ ተቀምጧል።

«ዕቃዎቻችሁ ደህና ናቸው» አለ። «ሁሉም ይናገራሉ። በሉ፣ አሁን የኔን ንገሩኝ።»

መምሬ «ልጄ፣ ማክሰኞ ለረቡዕ ሌሊት ከዳባት ወዲህ መኪናው...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም፤ የምስክር ለቅሶ ቀደማቸው።