ጣት እያዩ መስማት

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመው መጠይቅ አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ የእኔ ሥራ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች እያነበብኩ ጥያቄው በትክክል ገብቷቸው እንደሆነ ማጣራት ነበር። ጥያቄዎቹ ስለ ኑሯቸው ናቸው፤ ስለ ማፈር፣ ከሰው ስለ መራቅ፣ ስለ ብቸኝነት። ተመርቄ ሁለት ዓመት ከተንከራተትኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ፣ የግራ ጆሮዬ መድከሙን፣ ቀኙም እየተከተለው መሆኑን ለማንም አልተነፈስኩም።

ፈርቼ ነበር። አባቴ መስማት ካቆመ በኋላ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሲቀመጥ አይቻለሁ። "ምን አላችሁ?" ሲለን "ተወው፣ ምንም አይደል" እያልን ወሬያችንን የምንቀጥለው እኛው ልጆቹ ነበርን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ደመወዝ ልብላ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃችን፣ "ለማወዳደሪያ ጆሯቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎችም መሙላት አለባቸው። ከእኛው እንጀምር፤ መጀመሪያ ግን ተመርመሩ" አለን። ምርመራው የሚካሄደው ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ይደረጋል፤ ድምፅ ሲሰማ እጅ ይነሳል። መርማሪዋ ከኋላዬ ብትቀመጥም፣ አውራ ጣቷ የድምፁን አዝራር ሲጫን በመስኮቱ መስታወት ላይ ይታየኛል። ጣቷ ሲወርድ እጄን አነሳሁ። እንዳይነቃብኝ አንድ ሁለቱን አለፍኩ። ከዚያ ወጥቼ መጠይቁን ሞላሁ፤ ሁሉም ላይ "በጭራሽ" አልኩ።

በምርመራዬ ጊዜ አንዲት እናት እዚያው ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ከገረሴ የመጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ለታመሙ የሚጸልዩ አገልጋይ ናቸው። ከተመረመሩ በኋላ መጠይቁን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው የእኔን ከንፈር ያያሉ፣ እኔም የእሳቸውን አያለሁ። ጆሯቸው ክፉኛ መድከሙን ውጤቱ ይናገራል፤ እሳቸው ግን ለሁሉም ጥያቄ "ጌታ ይመስገን፣ በጭራሽ" አሉኝ። በሽታን በአፍ መመስከር እምነት ማጣት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ደንቡ እንደሚያዘው አንዱን ጥያቄ መርጬ፣ "እማማ፣ 'ችግርዎን ከሰው ይደብቃሉ?' የሚለውን እንዴት ተረዱት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ" አልኳቸው።

እንዲህ አሉኝ፦ "ሰው ሲነሳ አይተሽ ነው የምትነሺው? ሰው አሜን ሲል አይተሽ ነው አሜን የምትይው? የልጅቷን ጣት አይተሽ ነው እጅሽን የምታነሺው? እንዲህ ነው የሚለኝ።"

ተነስተው ለአለቃዬ የሚነግሩብኝ መሰለኝ። በሩን አየሁ፤ ዝግ ነው።

"ለማንም አልናገርም፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔም እፈራለሁ። ለታመመ የምጸልይ ሰው ደነቆርኩ ካልኩ አገልግሎቴን ይወስዱብኛል። ልጆቼ አሁንም አያውቁም።" ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። "አንቺ መልስሽን ከቀየርሽ እኔም እቀይራለሁ።"

ሥራዬን አሰብኩ፣ አባቴን አሰብኩ። በመጨረሻ ተያይዘን ወደ ምርመራው ክፍል ተመለስን፤ መርማሪዋን፣ "ድገሚልኝ፣ የቅድሙ ውሸት ነው" አልኳት። ማዳመጫውን አድርጌ፣ ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። እማማ ቅድም የነበሩበት ቦታ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አሁን ከኋላዬ ያለው የመርማሪዋ ጣት የሚታየው ለእሳቸው ብቻ ነው። ሳላስበው ዓይኔ ወደ ፊታቸው ሄደ፤ ጣቷ ሲወርድ ከፊታቸው ላነብ ፈለግሁ።

ገባቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑብኝ።

ጠበቅሁ። እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ ቀረ።