እናቴ ባለክንፉን ያወቀችበት ቀን

እናቴ የዓይኗን ሞራ ደሴ አስገፍፋ መካነ ሰላም እኛ ዘንድ ባረፈችበት ሰሞን፣ እኔና ታናሽ እህቴ በአንድ ወንድ ምክንያት በየቀኑ እንጨቃጨቅ ነበር። ወንድየው በሕይወት የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ይለቀቅ የነበረ የምናብ ልቦለድ ውስጥ ያለ፣ ከትከሻው ጥቁር ክንፍ የበቀለ፣ ገደል አናት ላይ በተሠራ ቤተ መንግሥት ብቻውን የሚኖር ንጉሥ ነው። ደራሲዋ ስም አውጥታለታለች፤ እኛ ቤት ግን ባለክንፉ ነው የሚባለው።

እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። የባለክንፉን ሥዕል አንድ አንባቢ ስሎ ለጥፎት ኖሮ፣ እሷ ስልኳ ፊት ላይ አድርጋዋለች፤ ስልኳ በበራ ቁጥር እሱ ነው ብቅ የሚለው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ተለቆ አልቋል። ሁለተኛው በቅርቡ ይጀመራል ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቷል። የኛ ጭቅጭቅ ታዲያ «በሁለተኛው ይሞታል፣ አይሞትም» የሚል ነበር። እኔ ይሞታል ባይ ነኝ። እህቴ ይህን ስሰነዝር እውነተኛ ሰው ላይ ያሟረትኩ ያህል ትቆጣለች።

እናቴ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማናለች። አታጎንብሺ፣ ጭስ አይንካሽ፣ ፀሐይ ላይ አትውጪ ተብላለች። አልጋ ላይ ውላ የማታውቅን ሴትዮ በግድ ማስቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ባልጋ ልብሱ ክር ስትጫወት ቆይታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምንድነው እንዲህ የሚያናክሳችሁ? ልጁ የማን ልጅ ነው?» አለችን።

እህቴ በሳቅ ፈረሰች። «የነፋስ ልጅ ነው እማዬ!»

«በይ እንግዲያ አንብቢልኝና ልወቀው።»

እንዲህ ሆኖ ንባቡ ተጀመረ። እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ታነባለች፤ እኔም ከሥራ ወጥቼ እደርስባቸዋለሁ። እናቴ እንደ እናቴ ያለ አድማጭ ነበረች። «ክንፉን ይዞ በየት በኩል ነው የሚተኛው?» ትላለች። «ያን ሁሉ አዳራሽ ማነው የሚጠርገው?» ትላለች። ባለክንፉ የሚወዳትን የመንደር ልጅ የሚወድ ሌላ ወጣት፣ የሸማኔ ልጅ፣ ታሪኩ ውስጥ አለ፤ እሱ በመጣ ቁጥር «ይኼ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ወሬ ያበዛል» ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ያበዛል። በአንባቢዎች ግሩፕ ውስጥ የሸማኔው ወገንና የባለክንፉ ወገን የሚባል ነበር፤ የሸማኔው ወገን ከእጅ ጣት አይበልጥም።

ከዚያ ሁሉም ሰው የሚወደው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ባለክንፉ ከሰማይ ወርዶ ልጅቷን ከመንገድ አንሥቶ ወደ ገደሉ አናት የሚወስዳት ምዕራፍ ነው። እህቴ በቃሏ ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። ቆማ፣ እጇን እያወራጨች፣ ለንጉሡ ድምፅዋን አወፍራ አነበበችው። ልጅቷ ትጮኻለች፤ ነፋስ ድምፅዋን ይወስደዋል። ደርሰው ሲያስቀምጣት አልነካትም። ምግብ አቀረበላትና በሩ ላይ ቆሞ «በጊዜ ትወጂኛለሽ» አላት። ከዚያ ከበሩ ማዶ ሆኖ ሲያለቅስ ሰማችው።

እህቴ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች።

«እስቲ ያቺን መልሰሽ አንብቢያት» አለች እናቴ።

«የትኛዋን?»

«በሩ ላይ ቆሞ ያላትን።»

«በጊዜ ትወጂኛለሽ።»

«ልክ እንዲህ ነው ያለኝ» አለች እናቴ። «ቃሏ ሳትቀር።»

እህቴ በደስታ ጮኸች። «አባባ? አባባ እንዲህ አለሽ?»

«አባታችሁማ ይኼን ቃል ከየት ያመጣዋል! ሌላው ነው እንጂ። የፊተኛው ባሌ።»

የሰማሁትን ነገር ጆሮዬ አልቀበል አለኝ። እናቴ ደጎሎ አጠገብ ካለው ቤታችን ውጭ፣ ከአባታችን በቀር ከሌላ ወንድ ጋር የኖረችበት ዘመን ይኖራል ብሎ ማሰብ፣ ጣሪያው ወለል ነበር እንደማለት ነበር ለኔ። እህቴን አየኋት፤ ስልኩን እንደያዘች ደርቃለች። እናቴ ግን ያልተሸፈነውን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ስለ ጎረቤት የምታወራ ይመስል በዚያው ድምፅዋ ቀጠለች።

የተወለደችው ማሻ አካባቢ ነው። ለጋብቻ ደርሳለች በሚባልበት ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ከማሻ ገበያ ስትመለስ፣ ወንዶች ከቁጥቋጦ ወጡና ይዘው በቅሎ ላይ ጫኗት። አፏን በገዛ ነጠላዋ አሰሩት። የጠለፋት ሰው ሠርግ ላይ የሚዘፍን፣ ቁመናው ያማረ፣ ያገሩ ሴት ሁሉ የሚያየው ጎረምሳ ነበር። የድንጋይ ካብ የከበበው ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አስገባትና ምግብ አቀረበላት። በሩ ላይ ቆሞ ያቺን ቃል አላት።

«መታሽ?» አለች እህቴ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«አልመታኝም። ክፉ ቃል እንኳ አልወጣውም። አልበላም ስለው ያለቅስ ነበር።»

«ታዲያ... ይወድሽ ነበር ማለት ነው?»

«ወላሂ ይወደኝ ነበር። መውደዱ የሱ ነው፤ እኔ ምን ላድርገው? እኔ ቤቴ መሄድ ነበር የምፈልገው።»

ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተባለ፣ ዕርቅ ሆነ፤ ሚስቱ ነሽ ተባለች። ሰዉ ሁሉ ዕድለኛ ናት ይል ነበር አለችን። አንድ ቀን ባልየው በጨዋታ መሃል፣ እንደ ቀላል ነገር፣ አባቷ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበረ ነገራት። በየት መንገድ እንደምትመለስ ለጠላፊዎቹ የነገራቸው አባቷ ራሱ ነው። የማታውቀው እናትየዋ ብቻ ነበረች።

ይህን ስሰማ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አያቴን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ እየጫነ ያዞረኝ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ የማይጠፋ፣ ሲሞት እናቴ ፊቷን እየነጨች የቀበረችው ሽማግሌ ነው። «አያቴ?» አልኩ። «አያቴ ነው ይኼን ያደረገው?»

«እሱ ነው» አለች። «ቁጭ በይ፣ ምን ያስነሣሻል።»

ሰውየው ሩቅ ለቅሶ የሄደ ቀን እሷም ወጣች። አክስቷ ኩታበር ነው የምትኖረው፤ መንገዱን ግን አታውቀውም። ስትሄድ ውላ እግሯ አልንቀሳቀስ ሲላት፣ ልጆች ቁርአን የሚቀሩበት አንድ ግቢ ገባች። የሸኹ ሚስት ማን ነሽ፣ የማን ነሽ ሳትል «አብሽሪ ልጄ» ብላ ጓዳ አስገባቻት። ፈላጊዎች መጥተው በር ላይ ሲጠይቁ ሴትዮዋ «እዚህ ያለችው የኔው ልጅ ናት» ብላ መለሰቻቸው። ሸኹ ራሳቸው በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው በእግራቸው እየሄዱ፣ አክስቷ ደጅ አደረሷት። እናቴ ነገሩ የምር ሲሆን «ወላሂ» የምትለው ያገራችን ሰው ሁሉ ስለሚለው ይመስለኝ ነበር። «እኔ ይህችን ቃል የማነሣት እነሱን እያሰብኩ ነው» አለችን። ከአባታችን ጋር የተጋቡት ከዓመታት በኋላ ነው። እሱ ሁሉንም ያውቃል። አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ የሚገቡትን እናቶች አያለሁ። ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለልጅ ሳል የመጡ ናቸው። እያንዳንዷን «አንቺስ?» ብዬ መጠየቅ ያምረኝ ነበር። ቤት ስመለስ እህቴ ስልኳ ላይ የነበረውን ሥዕል አንሥታዋለች፤ ባዶ ሰማያዊ ነገር ተክታለች። ፊቷ ሲያዩት ያስታውቃል፣ አልቅሳለች።

«እማዬ» አለቻት፣ «ንባቡን እንተወው?»

«ለምን ተብሎ? ልጅቷ መቼ ቤቷ ገባች!»

ቀጠልን። አነባበቡ ግን እንደ ፊቱ አልነበረም። እህቴ ተቀምጣ፣ በራሷ ድምፅ ነበር የምታነበው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷ የቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ልሂድ ልቅር እያለች ያልቃል። እናቴ «እዚህ ላይ ይቆማል እንዴ!» ብላ ደራሲዋን ረገመቻት፣ ወዲያው ደግሞ ማረኝ አለች።

በዚያው ሳምንት ደራሲዋ ቻናሏ ላይ ጥያቄ ለቀቀች። ሁለተኛው መጽሐፍ ሊጀመር ነው፤ የምትወዱት የትኛውን ነው፣ ለምን፣ በድምፅ ላኩልኝ የሚል ነው። መልሱ ይጎርፍ ጀመር። እህቴ ለእናቴ እያከታተለች ታሰማታለች፤ ከአዳማ፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ «ባለክንፉ! ባለክንፉ!» ነው።

«እኔም ልናገር» አለች እናቴ።

እኔ አልወደድኩትም። የእናቴ ጉድ በማያውቋት ሰዎች ጆሮ መግባቱ አስፈራኝ። እህቴ ግን ስልኩን አፏ ድረስ አስጠጋችላት። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና እንዲህ አለች፦

«የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽ። ባለክንፉን ደግ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ደግ ነው፤ እኔንም የጠለፈኝ ደግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የልጅቷን እናት ለምን ተውሻት? ልጅ ከመንገድ ስትቀር ያ ቤት ምን ይሆናል? እናቴ ለአንድ ክረምት ሙሉ የኔን እራት ከመሶብ አላነሣችም። ያንቺዋ እናት እስካሁን ደጅ ላይ ናት፤ አስገቢያት።»

ይኸው ነው። እህቴ ጣቷን ስታነሣ መልእክቱ ሄደ። ከሰዓታት በኋላ ኔትወርክ ጠፋና ለቀናት አልተመለሰም። ሲመለስ የእህቴ ስልክ መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። ሰዉ በእናቴ ድምፅ ስር እየተጨቃጨቀ ነው። አንዳንዱ ያመሰግናታል፤ አንዳንዱ «ይኼ እኮ ልቦለድ ነው እማማ» ይላታል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠን ግን የሴቶቹ ድምፅ ነበር። «እኔንም»፣ «እናቴንም»፣ «አክስቴንም» የሚሉ አጫጭር መልእክቶች ተደርድረዋል። የአዳማዋ የባለክንፉ ወዳጅ «እኔም ዛሬ ነው እናቴን የጠየቅኋት» ትላለች፣ ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው።

ደራሲዋ ደግሞ ልደውል ብላ ለምናለች። እኛ የምናስባት አንድ ትልቅ ሴት፣ መነጽር ያደረገች፣ ምናልባት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ነበር። ስልኩን ስንከፍተው የመጣው ድምፅ የልጅ ድምፅ ነው።

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና ለቅሶ ጀመረች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት! እህቴ አፏን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከሷ የምታንስ ልጅ ናት ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሣቻት።

«መጨረሻውን ጽፌዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ይጋባሉ። ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ነው። አሁን ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ የኔ ሆድ፣ ጸሐፊዋ አንቺ» አለቻት እናቴ። «ደግሞ አታልቅሺ፣ የሠራሽው ጥፋት የለም። እናትየዋ ትናገር ነው ያልኩሽ።»

ሁለተኛው መጽሐፍ ከተባለለት ጊዜ ዘገየ። የእናቴ ዓይን ተከፈተ፤ እየጠራላት መጣ፤ እሷ ግን መጽሐፉን ሳልሰማ አልሄድም ብላ ተቀመጠች። አባቴ ከደጎሎ እየደወለ «ሞራው እንደገና በቀለ እንዴ?» ይላታል። በመጨረሻ ሲለቀቅ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የልጅቷ እናት ነበረች። ባለክንፉ በአንዲት መስመር እንኳ የለም። ሴትዮዋ ገደሉን እየቧጠጠች ትወጣለች። ግሩፑ ተናወጠ፤ የተቆጡ አንባቢዎች ጥለው ወጡ፤ እህቴ አንድ በአንድ ስትመልስላቸው ጣቷ ደከመ። ደራሲዋ ግን ከጀመረችው አልተመለሰችም። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ እናትየዋ ከላይ ደርሳ በሩን ስትደበድብ፣ ባለክንፉ ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ያለ አንድ ቃል ልጅቷንም እናቷንም በክንፉ ላይ አድርጎ ወደ መንደራቸው አወረዳቸው። ደጅ ላይ አስቀመጣቸውና ተመልሶ ሄደ።

እህቴ ማንበቧን አቋርጣ እናቴን አየቻት። «ያንቺው ሰውዬስ? ከዚያ ወዲህ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ ደጎሎ ገበያ። ሸብቶ ነበር። እንደምን ዋልሽ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬው አለፍኩ።»

«ይኸው ነው?»

እናቴ ፈገግ አለች፤ ያቺን ፈገግታ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም፣ የልጃገረድ ፈገግታ ነበረች።

«እናንተ ልጆች» አለች፣ «ያኔ ሠርግ ላይ ሲዘፍን እኔም አየው ነበር እኮ። አንድ ቀን መጥቶ ትመጪልኛለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እሺ እለው ነበር።»

ደነገጥን፤ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ያኔ ደነገጥን። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና በጣቷ ወደ ስልኩ አመለከተች።

«በይ ቀጥይ፣ ሸማኔው ምን አለ?»