ከነቅዱ የተሰጠ ዘፈን

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ በሰፈሩ አጠራር ጋሽ ክር፣ በዕድሜው የሠራው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ወጣት ሳለ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ በዚያው ምት ለእጮኛው ያንጎራጉረው ነበር። አንድ ዘፋኝ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሰማው፤ ወሰደው፤ በካሴት አወጣው። እጮኛዪቱም ሚስት ሆነች፤ ልብስ ስታሰጣ የምታዜመው ሁልጊዜ ይህንኑ ነበር።

አምና ሞተች። ፊልም የምትሠራው ልጃቸው እናቷ ስታዜም ቀርፃት ኖሯል። ከዚያች ሴት ድምፅ የቀረው ይኸው ነው። ፊልሙን ሊያሳይ የተስማማው ሲኒማ ቤት ግን የዘፈኑን ባለመብት ፈቃድ አምጡ አለ።

"ይሄማ ቀላል ነው፤ ዘፋኙ ወዳጄ አይደል?" አለ ጋሽ ክር። ኮቱን ለብሶ እኔን አስከትሎ ሄደ።

ያረጀው ዘፋኝ ከበሩ ላይ እንዳየን፣ "አንተ ክር! እስካሁን አልተበጠስክም?" አለ።

"አንተን ሳልቀብር? ምን ሲደረግ!"

ጉዳዩን ሲሰማ ግን ሳቁ ጠፋ። "ወንድሜ፣ የኔ ድርሻ ድምፄ ብቻ ነው። ግጥሙና ዜማው የካሴቱ አሳታሚ ንብረት ነው። ፈርመህ ሰጥተኸው የለም እንዴ?"

"እኔ የፈረምኩት ለካሴቱ ነው።"

"ለሁሉም ነው የፈረምከው። ለዘላለሙ።"

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለ። "ለደንበኛ ልብሱን እሰጣለሁ፤ የወረቀት ቅዱን ግን እኔ ጋ አስቀራለሁ። ያን ጊዜ ለካ ከነቅዱ ነው ያስረከብኩት።"

ስለ ንብረት ምንነት በተማሪነቴ ብዙ አንብቤአለሁ። ሰው የሚስቱን ድምፅ ለመስማት የማያውቀውን ሰው ደጅ ሲጠና ግን የትም አላነበብኩም።

የአሳታሚውን ስም ከካሴቱ ሽፋን ጀርባ በአጉሊ መነጽር አገኘነው። ቢሮው የጎማ መሸጫ ሆኗል። ሰውየው ሞቶ መብቱን ወንድና ሴት ልጆቹ ወርሰውታል፤ ሁለቱ ደግሞ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ወንድየው ወዲያው ፈረመ። እህትየው ደጃፏ ላይ አቆመችን።

"እሱ ፈርሟል?"

"ፈርሟል፣ የኔ እመቤት።"

"እንግዲያው እኔ አልፈርምም።"

"የሞተች ሴት ድምፅ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ነፍስ ይማር። መጀመሪያ እሱ ፊርማውን ይሰርዝ።"

"የሁለታችሁም ፈቃድ ካልተገኘ አይሆንማ!"

"አውቃለሁ፣ አባባ" አለችና በሩን ዘጋች።

የጋሽ ክር ልጅ ሌላ መላ አመጣች፦ "አባዬ፣ አዲስ ሥራላት። በእሱ እንተካዋለን።" እሱም የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። የጀመረው ዜማ ሁሉ ጥቂት ሄዶ ወደ አሮጌው ይመለስበታል። "እግሬ ሌላ አያውቅም" አለኝና መኪናውን በጨርቅ ሸፈነው።

ፊልሙ የዘፈኑ ድምፅ ተቆርጦ ታየ። ሴትዮዋ አንሶላ እያሰጣች አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ጋሽ ክር አጠገቤ ተቀምጦ ከንፈሯን ያነባል። ሳያውቀው እግሩ ወለሉን መርገጥ ጀመረ፤ በዚያው ምት።

ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ዞር አለ። "አባባ፣ ኧረ አይረብሹን!"

እግሩን ሰበሰበ።