አመድ ያልተነሰነሰበት ድስት

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነህ ተብዬ ፊደል ተከልክያለሁ። የከለከሉኝ ስማዳ ውስጥ የአጥቢያችን ልጆች አስተማሪ የነበሩት የኔታ ናቸው።

አሁን ባሕር ዳር የፈጣን ጀልባ ፎርማ እሠራለሁ። የጀልባው አካል የሚሆነው ፋይበር ግላስ ከፎርማው ጋር እንዳይጣበቅ አስቀድመን ሰም እንቀባዋለን። ሰሙ የየኔታን ጧፍ ይሸታል፤ ባሸተትኩት ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ፊደል ልቆጥር ብሄድ የኔታ «ሂድ፣ ለእናትህ ጭቃ አቡካላት!» አሉኝ፤ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። አኩርፌ ቤት ገባሁና ሥራ ያዝኩ። እኛ አዲስ ድስት የምናወጣው የተደፋ አሮጌ ድስት ጭቃ አልብሰን ነው፤ እንዲላቀቅ መጀመሪያ አመድ እንነሰንስበታለን። በንዴት አመዱን ረሳሁት። ጭቃው ሲደርቅ አልላቀቅ ብሎ ተሰነጠቀ።

የኔታ ያሉኝን ስነግራት እናቴ አልተቆጣችኝም። «አይ ልጄ፣ እሳቸውም ካሮጌው ጋር እንዲህ ተጣብቀው ነው የቀሩት» አለች። ያኔ የኔታ ከምን ጋር እንደተጣበቁ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል፤ ግን አልራራላቸውም።

ይቅርታ ሳይሉኝ ሞቱ። እኔ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ። የእናቴን ስም በገዛ እጄ ፎርማው ጀርባ ላይ የጻፍኩት ግንቦት 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው።