እማማ ቱዳና ደብተር የያዘችው ተማሪ

እማማ ቱዳ እንግዳ ይመጣል ሲባሉ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በመሸመኛው ላይ የተወጠረውን ስጋጃ በብርድ ልብስ መሸፈን ነበር። የአትላስ ተራራ ሰው እንግዳ አይጠላም፤ እሳቸውም አይጠሉም። ግን ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ትሑት ሰውዬ መጥቶ፣ ሻያቸውን ጠጥቶ፣ የስጋጃቸውን ጌጥ ፎቶግራፍ አንስቶ ሄደ። በዓመቱ ያንኑ ከእናታቸው የወረሱትን ጌጥ ማራካሽ ከተማ ገበያ ውስጥ፣ በፋብሪካ ምንጣፍ ላይ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ትሑት ሰው ያስፈራቸዋል።

የመንደሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ባሱ ግን ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኛቸው። አሥራ አንድ ተማሪዎች ከፈረንሳይ መጡ። የገብስ ቂጣ ጋገሩ፤ በፍየል ቆዳ ስልቻ ወተት ሲንጡ ክንዳቸው ዝሎ ተሳሳቁ። እማማ ቱዳ ፈገግ የሚሉት ባሱ ዞር ብሎ ሲያያቸው ብቻ ነበር። ዓይናቸው ያረፈው ኦዲል በምትባል ቀጭን ልጅ ላይ ነው። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ ጥግ ይዛ ትጽፋለች።

ከሰዓት በኋላ የሽመናው ተራ ደረሰ፤ ባሱም ብርድ ልብሱን ገለጠው። እማማ ቱዳ ለኦዲል ቋጠሮውን ሆን ብለው አሳስተው አሳዩዋት። ልጅቱ ቋጠረች፤ ተፈታባት። እጃቸውን ትኩር ብላ አየች፤ ደብተሯን አወጣች። ይኼኔ እጇን ያዙት።

«ባሱ፣ ምን እንደጻፈች አንብብልኝ።»

«እማማ፣ እንግዳ እኮ ናት። ነውር ነው።»

«ነውሩን ለእኔ ተወው።»

ልጅቱ ቀላች፤ ደብተሩን ግን ሰጠችው። ባሱ አየት አደረገና ስለ ምግቡ ነው አለ።

«አጥቤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ሌላ መላ ሲያጣ እየተረጎመ አነበበላቸው። «እኚህ እናት አልወደዱንም። የሚስቁት ሰውየው ሲያያቸው ነው። ቋጠሮውን አሳስተው አሳዩኝ፤ ራሳቸው ሲሠሩ ሌላ ነው። ቤቴን ሞልተው ቢያፈጡብኝ እኔም አላሳይም ነበር።»

እማማ ቱዳ ገጾቹን አገላበጡ። የጌጡ ሥዕል አንድም የለም። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ የዚያን ዕለት ለባሱ ብለው ሳይሆን ከልባቸው የሳቁት ያኔ ነው። ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው ትክክለኛውን ቋጠሮ ቀስ እያሉ አሳዩዋት። አንድ መስመር ጨረሰች፤ ቢጎትቱት አልተፈታም።

ተማሪዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ ኦዲል ስጋጃው መካከል ላይ ያለው ቀይ ጌጥ ትርጉሙ ምን እንደሆነ በባሱ በኩል ጠየቀች።

«ዝም ብሎ ጌጥ ነው በላት» አሉ እማማ ቱዳ።

ባሱ ትርጉሙን ከወላጅ እናቱ ሰምቶ ያውቀዋል። መሬት መሬት እያየ እንዳሉት ተረጎመላት። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጠጋ ብሎ፣ ልጅቱን ከወደዷት ትርጉሙን ለምን እንዳልነገሯት ጠየቃቸው።

«ወድጃታለሁ» አሉ። «ግን ስትጽፍ እጇ ፈጣን ነው።»