ፍሬን በጠሰብኝ

የሰፈራችን ሾፌር ከተጋጨው መኪና ሲወርድ የተናገረው «ፍሬን በጠሰብኝ!» ብቻ ነበር። የመርካቶ ሾፌር ሲጋጭ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚለው፤ እንቅልፍ ቢወስደውም ፍሬን በጠሰብኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ዘመኑ የደርግ፣ መኪናው የመንግሥት ሆነና የቀበሌው ሊቀ መንበር «ማን በጠሰው?» አለ። ከሳምንት በፊት ያንን ፍሬን የጠገነው ወንድሜ ነበር። በአሻጥር ተጠርጥሮ ከጋራዡ ከነቱታው ተወሰደ። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ከቀበሌ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ያን ዕለት እህል በአፌ አልዞረም። በማግስቱ ጠዋት ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ከአትክልት ተራ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አጎነበስኩ። ጎመን የተሸከመ ወዛደር «እህቴ፣ ወርቅ ጠፋብሽ እንዴ? ዞር በይ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከወርቅ የሚበልጥ ነገር አግኝቼ ነበር። ሁለት ጥቁር የጎማ ምልክቶች መኪናው ገጭቶ እስካፈረሰው ግንብ ድረስ ተጎትተዋል። ፍሬን የሌለው ጎማ ይንከባለላል እንጂ እንዲህ አይጎተትም። ርዝመቱን ለካሁ፣ ፍጥነቱን አሰላሁ፣ አላመንኩምና ደግሜ አሰላሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ቀበሌ ገባሁ።

ሾፌሩም ለምስክርነት ተጠርቶ እዚያው ተቀምጧል። ዝናብ ሲጥል አሳፍሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ሊቀ መንበሩ ወረቀቴን አይቶ ነገሩ ቶሎ ገባው።

«ፍሬኑ ከሠራ ታዲያ ለምን አልቆመም? ጭነቱ ከብዶት ነው አይደል፣ ጓድ መምህርት?»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። አዎ ብል ሁሉም ነገር እዚያው ባለቀ። ግን ይህ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት ስህተት ነው፤ ስሰማው ደሜ ይፈላል።

«አይደለም!» አልኩ። «ጎማው አንዴ ከተቆለፈ ክብደት ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ፈጥኖ ነው።» ምን ያህል እንደፈጠነም ሳልጠየቅ ተናገርኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ ተፈታ፤ ሾፌሩ ገባ። በር ላይ አላስችል ብሎኝ ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት።

«አዎ ብትዪው ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ስህተት ነዋ!»

በዚያው ቅጽበት የሾፌሩ ሚስት ምሳ ይዛ እየተጣደፈች መጣች። ወንድሜን ስታይ ደስ ብሏት አቀፈችው፤ ዞራ እኔንም ሳመችኝ።

«እንኳን ተፈታልሽ» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይሰሙሻል። እባክሽ ለእሱም ግቢና አንድ ነገር ተናገሪለት።»